አልከፈት ያለ ባክአፕ፦ በኔትወርክ ላይ የተቀመጠ ዲስክ ኢሜጅ ሲያስቸግር

ባክአፕ የሚታወሰው በክፉ ቀን ነው። ላፕቶፑ ላይ ውሃ ይፈሳል፣ ዲስኩ በድንገት ይሞታል፣ ወይም ቦርሳው ከነማሽኑ ይሰረቃል። ባለቤቱ ግን ሥራው ሁሉ ቢሮ ጥግ በተቀመጠው የኔትወርክ ማከማቻ ላይ እንዳለ ስለሚያውቅ ብዙም አይጨነቅም። ሌላ ማክ ያገኛል፣ ከማከማቻው ጋር ያገናኘዋል፣ በቀድሞ ኮምፒውተሩ ስም የተሰየመውን ፋይልም ያየዋል፤ መጠኑ ብዙ መቶ ጊጋባይት ነው። ሁለቴ ሲጫነው ግን ዲስክ ኢሜጁ ሊከፈት እንዳልቻለ የሚናገር አጭር መልእክት ብቅ ይላል።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መልእክቱ የሚለው መክፈት እንዳልተቻለ ነው፤ ውስጡ ያለው ጠፍቷል አላለም። አንድን ኢሜጅ እንዳይከፈት የሚያደርጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የኬብል መላላት፣ የተሳሳተ ፓስወርድ፣ ያልተለቀቀ ቁልፍ ሁሉ ውስጡ ያለውን ፋይል ሳይነኩ በሩን ብቻ ይዘጋሉ። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ተደናግጦ የጥገና ፕሮግራም በላዩ ላይ ሲያስሮጥ፣ ወይም «አሮጌውን አጥፍተህ አዲስ ጀምር» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ፤ መጀመሪያ ኔትወርኩን፣ ቀጥሎ ፈቃዱንና ቁልፉን እንመርምር፤ የኢሜጁን ሆድ ዕቃ የምንነካው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ብቻ ይሁን።

ኢሜጁ እንዴት እንደተሠራ

አፕል ታይም ማሽን የተባለውን የባክአፕ ፕሮግራም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሊዮፓርድ ከተባለው የማክ ሥርዓተ ክወና ስሪት ጋር ነው። በተከታዩ ዓመት ዲስክና ዋይፋይ ራውተርን በአንድ ሳጥን የያዘውን ታይም ካፕሱልን አከለበት። የዚያን ጊዜው ታይም ማሽን ያልተለወጠን ፎልደር ደግሞ ከመቅዳት ይልቅ ከቀድሞው ቅጂ ጋር በማያያዝ ቦታ ይቆጥብ ነበር። ይህን ዓይነት የፎልደር ማያያዣ ኤችኤፍኤስ ፕላስ የተባለው የማክ የፋይል ሥርዓት ያውቀዋል፤ ሌሎች በአብዛኛው አያውቁትም። በኔትወርክ ማዶ ያለው ማከማቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሊኑክስ የሚሠራ ሲኖሎጂ ወይም ኪውናፕ ነው። ችግሩን ለመሻገር የተመረጠው መንገድ በማከማቻው ላይ ምናባዊ ዲስክ መፍጠር ነበር። ማኩ ያንን ዲስክ በኔትወርክ ይከፍተዋል፣ በራሱ የፋይል ሥርዓት ያሰናዳዋል፣ ባክአፑንም እዚያ ውስጥ ይጽፋል። ማከማቻው ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ከቢግ ሰር፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ የሚጀመሩ ባክአፖች በውስጣቸው ኤፒኤፍኤስ የተባለውን አዲሱን የፋይል ሥርዓት ይጠቀማሉ፤ የውጭው ቅርፊት ግን ያው ዲስክ ኢሜጅ ነው።

የኢሜጁ ዓይነት ስፓርስባንድል ይባላል፤ በአዳዲሶቹ ማኮች ስሙ በባክአፕባንድል ሲያበቃም ይታያል። በማክ ላይ አንድ ፋይል ይምሰል እንጂ በእርግጥ ፎልደር ነው። ከዊንዶውስ ወይም ከማከማቻው የራሱ ገጽ ቢያዩት ባንድስ የሚባል ንዑስ ፎልደር ያገኛሉ፤ በውስጡ ዲስኩ ተቆራርጦ ተቀምጧል። የተለመደው የአንዱ ቁራጭ መጠን 8 ሜጋባይት ነው። እንግዲህ 1 ቴራባይት ባክአፕ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ፋይሎች ሆኖ ተበትኗል ማለት ነው። የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው፤ ዛሬ ጥቂት ፎቶ ቢጨምሩ የሚለወጡት ጥቂት ቁራጮች ብቻ ናቸው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ከእነዚህ ፋይሎች ጥቂቶቹ በትክክል ሳይጻፉ ከቀሩ ምናባዊው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል።

ከባንድስ ጎን ሌሎች ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ኢንፎ ዶት ፒሊስት የዲስኩን ጠቅላላ መጠንና የቁራጮቹን ልክ የሚናገር ሲሆን ተጠባባቂ ቅጂው በዚያው አጠገብ ኢንፎ በሚል ስምና በሌላ ቅጥያ ይቀመጣል። ቶከን የሚባለው ፋይል ባልተቆለፈ ኢሜጅ ላይ ባዶ ነው፤ ባክአፑ በፓስወርድ ከተመሰጠረ ግን የምስጠራው ቁልፍ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ ነው፣ ምንም አይመስልም ተብሎ ከተሰረዘ ትክክለኛው ፓስወርድ በእጅ እያለም ባክአፑን መክፈት አይቻልም።

ምንም ከመንካትዎ በፊት

መጀመሪያ በዚያ ማከማቻ ላይ የሚጽፉትን ማኮች ሁሉ አውቶማቲክ ባክአፕ ያጥፉ። ታይም ማሽን ሳይጠየቅ በየሰዓቱ ለመጻፍ ይሞክራል፤ እርስዎ ለማዳን ሲሞክሩ እሱ በላዩ ላይ እንዲጽፍበት አይፈልጉም። መልእክቱን ቃል በቃል በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። «በጥቅም ላይ ነው»፣ «ፈቃድ የለዎትም»፣ «ሊከፈት የሚችል የፋይል ሥርዓት የለውም» የሚሉት ወደተለያየ ቦታ ይመራሉ፤ ባለሙያ ቢጠሩም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንን ነው።

ቀጥሎ የማከማቻውን የአስተዳደር ገጽ ይክፈቱና ሁለት ነገር ይዩ፤ ዲስኮቹ ጤነኛ ናቸው ወይ? ቦታውስ ሞልቷል ወይ? ከዲስኮቹ አንዱ እየሞተ ከሆነ የኢሜጁ ጉዳይ ሁለተኛ ነው። እየሞተ ያለን ዲስክ ለሰዓታት የሚያስነብብ ጥገና ማስጀመር መሞቱን ያፋጥናል፤ ቀድሞ ዲስኩን መቀየር ወይም መረጃውን ወደ ሌላ ማዛወር ይገባል። ቦታው እስከ ጫፍ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ፣ ኢሜጁ ሲከፈት የሚጽፋት ትንሽ ነገር እንኳ ማረፊያ አጥታ ሊሆን ይችላል። ሌላ የማያስፈልግ ነገር ከማከማቻው ላይ ያንሱለትና እንደገና ይሞክሩ። ከኢሜጁ ውስጥ ግን ምንም አይሰርዙ።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ትልቅ ዕድል አለ። ማከማቻዎ ቢትሪኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ የተባሉትን የፋይል ሥርዓቶች የሚጠቀም ከሆነ ስናፕሾት የሚባል፣ የትናንቱንና የባለፈውን ሳምንት ሁኔታ እንዳለ የሚይዝ ምስል ይዞልዎ ሊሆን ይችላል። ኢሜጁ የተበላሸው ማክሰኞ ከሆነ የሰኞውን ስናፕሾት ማውጣት ከማንኛውም ጥገና ፈጥኖና በሰላም ይፈታዋል። ካለ፣ ጊዜው አልፎ በራሱ እንዳይሰረዝ ወዲያውኑ ይቆልፉት፤ ሌላውን ሥራ ከዚያ በኋላ ይቀጥሉ። እኔ ከማከማቻ አገልግሎቶች ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ስናፕሾት ከሌለ የኢሜጁን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። በጊጋቢት ኬብል 1 ቴራባይት ለማዘዋወር መስመሩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ፋይሎቹ ብዙና ትንንሽ ስለሆኑ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ሊረዝም ይችላል። ነገር ግን ከዚህ በታች የምንነጋገርባቸው ጥገናዎች ሁሉ በራሱ በኢሜጁ ላይ የሚጽፉ ናቸው፤ ያለ ቅጂ የተጀመረ ጥገና ከከሸፈ ወደኋላ መመለሻ የለውም።

ኔትወርኩና መግቢያው

ዋይፋዩን ያጥፉና ማኩን በኬብል ያገናኙ። ምናባዊ ዲስክ ሲከፈት ማኩ ከተለያየ ቦታ እጅግ ብዙ ቁራጮችን በፍጥነት ይጠይቃል። ቪዲዮ ለማየት የሚበቃ ዋይፋይ ለዚህ ላይበቃ ይችላል፤ ለአፍታ ሲቋረጥ ቪዲዮው ትንሽ ቆሞ ይቀጥላል፣ ኢሜጁ ግን ይዘጋል። በኬብል ብቻ የተፈታ ብዙ ችግር አለ።

ከዚያ በማን ስም እንደገቡ ያረጋግጡ። ፋይንደር ዝም ብሎ በእንግድነት ሊያስገባዎ ይችላል፤ ፎልደሩ ይታያል፣ ስሙም ይነበባል፣ ለመክፈት ሲሞከር ግን ይከለከላል። ግንኙነቱን አቋርጠው ባክአፑ ሲፈጠር ጥቅም ላይ በዋለው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ እንደገና ይግቡ። የማከማቻው ፓስወርድ በመካከል ተቀይሮ ከሆነ ማኩ ኪቼይን በተባለው የፓስወርድ ማስቀመጫው ውስጥ የያዘውን አሮጌ ፓስወርድ እየላከ ይሆናል፤ ከኪቼይን ያጥፉትና አዲሱን ይጻፉ። ተርሚናል ላይ እየሠሩ ሥራው እንዳልተፈቀደ የሚናገር መልእክት ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የማከማቻው ላይሆን ይችላል። ከሞሃቪ፣ ማለትም ከ2018 ጀምሮ ማክ ራሱ ፕሮግራሞች የታይም ማሽንን መረጃ እንዳይነኩ ይከለክላል። በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ለተርሚናል የሙሉ ዲስክ ፈቃድ ሲሰጡት ይለቃል።

የቆየ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አለባቸው። ማክ ከማከማቻ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት ቋንቋዎች ነበሩ፤ የአፕሉ ኤኤፍፒና ከዊንዶውስ ዓለም የመጣው ኤስኤምቢ። አፕል ከ2013ቱ ማቨሪክስ ጀምሮ ኤስኤምቢን አስቀድሟል፤ በቢግ ሰር ማክ ራሱ በኤኤፍፒ ፎልደር ማጋራቱ ቀርቷል፤ በ2025 በወጣው ሴኮያ 15.5 ደግሞ ኤኤፍፒ ጊዜው ያለፈበት መሆኑንና ወደፊት ፈጽሞ እንደሚወገድ አስታውቋል። የታይም ካፕሱል ሽያጭ በ2018 የቆመ ቢሆንም ዛሬም በየቤቱ የሚሠራ አለ። ማኩ ከታደሰ በኋላ በድንገት አልገናኝ ያለ የድሮ ማከማቻ ካለዎት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። መፍትሔው ፋይሎቹን ገና ባልታደሰ ሌላ ማክ ላይ መክፈት፣ ወይም ማከማቻው የሚፈቅድ ከሆነ ኤስኤምቢን ማብራት ነው። ሁለቱን በአንድ ፎልደር ላይ አብሮ ማስኬድ ግን አይመከርም፤ አንዱ የቆለፈውን ሌላው ላያውቅለት ይችላል። በሊኑክስ ላይ የራሳቸውን ማከማቻ ለሠሩ ሰዎች፣ በሊኑክስ ኤስኤምቢን የሚያስኬደው ሳምባ የተባለው ፕሮግራም ታይም ማሽንን በወጉ መደገፍ የጀመረው ከስሪት 4.8 ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ማደስ ያስፈልጋል።

«በጥቅም ላይ ነው» ሲል

ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ለእኔ ግን ከመልእክቶቹ ሁሉ የሚያስደስተው ይኸው ነው፤ ኢሜጁ ደህና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ።

አንድ ማክ ኢሜጁን ሲከፍት ሁለተኛ ማክ አብሮት እንዳይጽፍበት ይቆልፈዋል። ባክአፑ ሲያልቅ ደግሞ ቁልፉን መልሶ ይለቃል። አሁን ባክአፕ በመካሄድ ላይ እያለ ላፕቶፑ ተዘጋ ወይም ዋይፋዩ ጠፋ እንበል። ማኩ ሄዷል፤ ማከማቻው ግን መሄዱን ማንም አልነገረውም። ግንኙነቱ እንዳለ ስለሚቆጥር ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል። ማኩ ተመልሶ ሲመጣ በገዛ ራሱ የቀድሞ ቁልፍ ይከለከላል።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ስውር ነው። ኢሜጁን ሁለቴ ሲጫኑት ማኩ ከመክፈቱ በፊት ውስጡን በራሱ መመርመር ሊጀምር ይችላል። ምርመራው በኔትወርክ ሲሆን ሰዓታት ይፈጃል፤ በስክሪኑ ላይ ግን ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ሰውየው አልተከፈተም ብሎ ደግሞ ይጫናል፤ በጥቅም ላይ ነው ይባላል። እውነትም በጥቅም ላይ ነው፤ የሚጠቀምበት የራሱ ማክ ነው! ይህን ለማወቅ አክቲቪቲ ሞኒተርን ከፍተው ስማቸው በኤፍኤስሲኬ የሚጀምር ሥራዎች እንዳሉ ይፈልጉ። ካሉ ምርመራው እየተካሄደ ነው። ማኩን እንዳይተኛ አድርገው፣ ቻርጀሩን ሰክተው ይተዉት፤ ሌሊቱንም ሊወስድ ይችላል። በመካከሉ ማቋረጥ የሚያመጣው ሌላ ብልሽት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ከሌለ ቁልፉ የቀረ ቁልፍ ነው። መጀመሪያ ማኩን እንደገና ያስነሱ። ካልሆነ በማከማቻው የአስተዳደር ገጽ ላይ አሁን የተገናኙ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ያውጡና የዚያን ማክ ግንኙነት ያቋርጡ። በሊኑክስ ላይ የሳምባን ሁኔታ የሚያሳየው ትዕዛዝ የትኛው ፋይል በማን እንደተያዘ ይነግርዎታል። ይህም ካልሠራ የፋይል ማጋሪያ አገልግሎቱን አጥፍተው ያብሩት፤ በመጨረሻም ማከማቻውን በወጉ አጥፍተው ያስነሱት። ሶኬት መንቀል በወጉ ማጥፋት አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለ ቁራጭ ካለ ይቆረጣል፣ ደህና የነበረውም ኢሜጅ ይበላሻል።

ኢሜጁ ራሱ ሲታመም

እስካሁን ያለው ሁሉ ካልረዳ ችግሩ በኔትወርኩ ነው ወይስ በኢሜጁ የሚለውን የሚለይ አንድ ፈተና አለ። ቀደም ብለው ያስቀመጡትን ቅጂ ከማኩ ጋር በዩኤስቢ በተገናኘ ዲስክ ላይ ያድርጉና ከዚያ ይክፈቱት። እዚያ ከተከፈተ ኢሜጁ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በመስመሩ ወይም በማከማቻው አሠራር ነው፣ ፋይሎችዎም በእጅዎ ናቸው። እዚያም ካልተከፈተ ወደ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

ማኩ ፋይሉን ኢሜጅ ነው ብሎ ጨርሶ ካላወቀው ኢንፎ ዶት ፒሊስትን ይመልከቱ። በድንገት የተቋረጠ ጽሕፈት አንዳንዴ ይህን ፋይል ባዶ፣ መጠኑም ዜሮ አድርጎ ይተወዋል። ተጠባባቂ ቅጂው ደህና ከሆነ እሱን ኮፒ አድርጎ ኢንፎ ዶት ፒሊስት ብሎ መሰየም ይበቃል። ትንሽ ፋይል ናት፤ እሷ ባዶ ስትሆን ግን ሙሉ ቴራባይቱ የጠፋ ይመስላል።

ኢሜጁ ታውቆ ውስጡ ያለው የፋይል ሥርዓት ካልተከፈተ ደግሞ ተርሚናል ላይ ኤችዲአይዩቲል የሚባል ትዕዛዝ አለ። ይህ ትዕዛዝ ኢሜጁን ለንባብ ብቻ መክፈት ይችላል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ይህ ይሁን። የሚፈልጉት የልጆችዎን ፎቶና የቢሮውን ሰነድ ማውጣት ከሆነ መጠገን አያስፈልግዎም፤ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ከተቀዱ ሥራው አልቋል። መጠገን የሚያስፈልገው በዚያው ባክአፕ ላይ ለመቀጠል ሲፈለግ፣ ወይም ለንባብም አልከፈት ሲል ነው።

ለጥገናው በዚያው ትዕዛዝ ኢሜጁን ሳይከፍቱ እንደ ዲስክ ብቻ ያያይዙታል፤ ከዚያ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ይታያል፣ ፈርስት ኤይድ የሚለውን ያስጀምሩበታል። ኤችኤፍኤስ ፕላስ የሆነው የቆየ ባክአፕ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠገን ሊፈልግ ይችላል፤ የመጀመሪያው ዙር ያልጨረሰውን ሁለተኛው የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ። ለእነዚህ የቆዩ ባክአፖች ዲስክ ወሪየር የተባለ የሚሸጥ ፕሮግራምም ይረዳል፤ አምስተኛው እትሙ ግን ኤፒኤፍኤስን አይጠግንም።

አሁን ስለ አንድ መልእክት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ባክአፕ የሚጠፋበት በር እሱ ስለሆነ። ታይም ማሽን በኔትወርክ ያለውን ባክአፕ በየጊዜው ይመረምራል። ምርመራው ካልተሳካለት፣ አስተማማኝነትን ለማሻሻል ሲባል አዲስ ባክአፕ መፍጠር እንዳለበት ይገልጽና እንጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አነጋገሩ ለስለስ ያለ ነው፤ እንክብካቤ ይመስላል። እሺ ማለት ግን አሮጌው ባክአፕ ከነታሪኩ ይሰረዝ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው የሒሳብ ሰነድ፣ ባለፈው ዓመት በስሕተት የተሰረዘው ፎቶ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ «በኋላ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ቅጂ ያውጡ፣ ከላይ በተገለጸው መንገድ ጥገና ይሞክሩ። ጥገናው ተሳክቶ ታይም ማሽን አሁንም እምቢ ካለ፣ በኢሜጁ ውስጥ የማኩን ማንነት የያዘ ትንሽ ፒሊስት ፋይል አለ፤ የምርመራ ውጤቱ እዚያ ላይ 2 ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። ያንን ወደ 0 መመለስና አዲስ ባክአፕ አልፈልግም የተባለበትን ቀን የሚመዘግበውን መስመር ማንሳት ፕሮግራሙ እንዲቀበለው ያደርጋል። ይህ ግን ጥገናው በእርግጥ ከተሳካ ብቻ ነው፤ ያልተጠገነን ባክአፕ ጤነኛ ነህ ብሎ መመዝገብ ችግሩን ለሌላ ክፉ ቀን ማቆየት ይሆናል።

ፓስወርድ የጠፋበት የተመሰጠረ ባክአፕ ሌላ ጉዳይ ነው። አሮጌው ማክ ገና የሚነሳ ከሆነ ኪቼይን አክሰስ ውስጥ፣ ሲስተም በሚለው ክፍል ፓስወርዱ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። እዚያም ከሌለ፣ ማንም ጠጋኝ ምንም ቢልዎ፣ ገንዘብዎን አይክፈሉ፤ ምስጠራው የተሠራው ያለ ፓስወርድ እንዳይከፈት ነው።

መብራት ሲጠፋ

እንደ አዲስ አበባ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ስቱዲዮ ወይም ቢሮ የኢሜጅ መበላሸት መነሻ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው በመብራት መጥፋት ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው መሥራቱን ይቀጥላል፤ ማከማቻውና ራውተሩ ግን ባንዴ ይሞታሉ። ማኩ ጻፍኩ ያለውና ዲስኩ ላይ የደረሰው ይለያያሉ። ብዙውን ጊዜ የፋይል ሥርዓቱ ራሱን ያስተካክላል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን አንድ ቀን አይሳካለትም።

ለማከማቻው ዩፒኤስ መግዛት ለዲስክ ከሚወጣው ገንዘብ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ኬብል ከማከማቻው ጋር የሚነጋገር ዓይነት ይሁን። ብዙዎቹ የኔትወርክ ማከማቻዎች ይህን ይደግፋሉ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማከማቻው በወጉ ራሱን ያጠፋል። ራውተሩን ወይም ስዊቹንም እዚያው ላይ ይሰኩት፤ ማከማቻው በሕይወት ኖሮ መንገዱ ከተቋረጠ ኢሜጁ ያው ይቆረጣል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ለኢሜጁ በቂ አደጋ ናት፤ ጄኔሬተር አለን ብላችሁ ዩፒኤሱን አትተዉት።

ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ አንድ ቃል ብቻ። የዊንዶውስ ሲስተም ኢሜጅም በውስጡ ቪኤችዲኤክስ የተባለ ምናባዊ ዲስክ ነው፤ በዲስክ ማኔጅመንት ለንባብ ብቻ የሚለውን መርጠው ሊያያይዙት ይችላሉ። በኔትወርክ ፎልደር ላይ የሚቀመጠው ግን የመጨረሻው ኢሜጅ ብቻ ነው፤ አዲስ ሲሠራ የቀድሞውን ይተካዋል። የተበላሸ ማሽን ይዘው አዲስ ኢሜጅ አይሥሩ።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ በኔትወርክ ላይ ያለ ባክአፕ ምቹ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። ታይም ማሽን ከአንድ በላይ መድረሻ ይቀበላል፤ ከማከማቻው ሌላ በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ዲስክ ይጨምሩለት፣ በየተራ ይጽፍባቸዋል። በዩኤስቢ ዲስክ ላይ ያለው ባክአፕ ኢሜጅ ስለማያስፈልገው ከላይ ካነሳናቸው ችግሮች አብዛኞቹ አይደርሱበትም። ከዚያም በዚህ ሳምንት፣ ምንም ችግር ሳይኖር፣ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዘው የታይም ማሽንን ሜኑ ይክፈቱና ባክአፕ አረጋግጥ የሚለውን ያስጀምሩ፤ ሲጨርስ ደግሞ ከስድስት ወር በፊት የነበረ አንድ ፋይል መርጠው ወደ ዴስክቶፕዎ ይመልሱ። ፋይሉ ከተከፈተ ባክአፕ አለዎት። ካልተከፈተ ማሽኑ ገና ጤነኛ ነውና ዛሬውኑ አዲስ ባክአፕ በሌላ ዲስክ ላይ ይጀምሩ።